ከመጽሐፍ የወጣ የውሻ ስም

ቤታችን ውስጥ ለእንስሳ ስም የማወጣው እኔ ነበርኩ። አውራ ዶሯችን መቅድም ይባላል፤ ማንም ሳይጠይቀው ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ረጅም ንግግር ስለሚያደርግ ነው። ድመቷ ግርጌ ናት። ከአልጋዬ እግርጌ ሌላ የትም አትተኛም፤ እዚያው ሆና ደግሞ ማንም የማያነበው የገጽ ግርጌ ማስታወሻ ይመስል ለብቻዋ ታጉረመርማለች። ኤሊም ነበረችን። ሰፈራችን ከእርሻ ጋር ስለሚዋሰን አንድ ክረምት ከማሾ ማሳ እየተንቀረፈፈች መጥታ ከውሃ በርሜላችን ሥር ገባች። ሽፋን አልኳት። የሸዋ ሮቢት ሙቀት የመጻሕፍቴን ሽፋን ሁሉ አጣሞ ጨርሶብኝ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ የማይጣመም ሽፋን ይዛ ስትዞር ቀንቼባት ነው።

ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ነው። ከተማሪዎች ፈተና እርማት የሚተርፈኝ ጊዜ በንባብ ያልቃል፤ ስለዚህ ስም ሲያስፈልገኝ እጄ የሚሄደው ወደዚያው ነው። አብሬያት የምኖረው እናቴ በዚህ ልማዴ ትስቅብኝ ነበር። መሳቅ ብቻ አይደለም፣ ታዝንልኝም ነበር። አንድ ቀን መቅድምን ለእህል ስጠራው ሰማችና፣ «ለማን ነው እሱ ስም?» አለችኝ። ለዶሮው ነዋ አልኳት። ዶሮ ስም ምን ያደርግለታል፣ ስም የሚወጣው ለሚሰማ ሰው ነው፣ ይህን ያህል ተምረሽ ይቺን ታጪያት ብላ ራሷን እየነቀነቀች ወደ ጓዳ ገባች።

እውነቷን ነው፤ ባደገችበት ቀበሌ የውሻ ስም ለውሻው አይደለም። አጥር ለአጥር ለሚኖር ሰው ፊት ለፊት የማይነገር ነገር ሲኖር፣ ነገሩ ለውሻ ስም ሆኖ ይወጣል። ውሻው በተጠራ ቁጥር ቃሉ አጥሩን ይሻገራል። የታሰበለት ሰው ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ግን ተነካሁ ብሎ መነሣት አይችልም፤ የተጠራው ውሻ ነው። መልስ ካለው ደግሞ እሱም እንስሳ አያጣም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከጎረቤታችን ጋር ግን ለዓመታት ስትጻጻፍ የኖረችው በዚህ መንገድ ነው።

ጎረቤታችን የእናቴ እኩያ ሴት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከአጣዬ መጥተው እዚህ ሲነግዱ የኖሩ። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን። ሥጋ አንበላላም እንጂ የቀረው ሁሉ አንድ ነበር። በሁለታችን ግቢ መካከል አንድ የኒም ዛፍ አለ፤ ግንዱ የእኛ ነው፣ የከሰዓት ጥላው የሚወድቀው በእሳቸው ግቢ ነው። ፀሐይ ስትበረታ እናቴ በርጩማዋን ይዛ ትሻገርና ሁለቱ ሰፌድ በጭናቸው አድርገው ማሾ እየለቀሙ ያወራሉ። ምን እንደሚያወሩ አይታወቅም፤ ሳቃቸው ግን እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እኔ ያደግሁት ያን ሳቅ እየሰማሁ ነው።

አንድ ዓመት ጎረቤታችን ለዘመድ ሐዘን አጣዬ ሄደው ሰነበቱ። በዚያው ሰሞን ነፋስ ተነሣና የኒሙ ትልቅ ቅርንጫፍ ቆርቆሯችንን ቀኑን ሙሉ ሲደበድበው ዋለ። ጣሪያው አንድ ጥጉ ተገነጠለ። እናቴ መጋዝ ያለው ሰው አስጠራችና ቅርንጫፉን አስቆረጠችው። ሌላ ምን ታድርግ። ግን ጥላው ሁሉ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ነበር፣ ባለጥላዋ ደግሞ አልተጠየቁም። በሸዋ ሮቢት የሰው ጥላ መቁረጥ፣ ደብረ ሲና ላይ ከተኛ ሰው ላይ ብርድ ልብስ እንደ መግፈፍ ነው።

ጎረቤታችን ከሐዘን ሲመለሱ ቀና ብለው አዩ። ምንም አላሉም። በርጩማቸውን አንሥተው ከቤታቸው ጀርባ ወሰዱት፣ በቃ። እናቴ ልታስረዳቸው አስባ ነበር፤ ያ ዝምታ ግን ከመጋዝ የባሰ ቆረጣት። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቡችላ አመጣችና ስሙን «ምን በደልኳት» አለችው።

ከማዶ መልስ እስኪመጣ ወራት ወሰደ። ጎረቤታችን ለሃይማኖታቸው ሲሉ ውሻ አያሳድጉም፤ የእሳቸው መልስ የሚመጣው በድመትና በፍየል ነው። አንድ ጠዋት አዲስ ድመት ሲጠሩ ሰማን፤ «ጥላዬን! ጥላዬን!» ይላሉ። እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቆመች። «ሰማሽ?» አለችኝ። ሰማሁ አልኳት። ቀጣዩን ውሻ እስክታገኝ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር፤ ስሙ «ጣሪያዬስ» ሆነ። ከማዶ ደግሞ ቆየት ብሎ አንዲት ጥቁር ግልገል ተገዛችና «ሰብር» ተባለች። ሰብር ማለት በእነሱ አነጋገር ትዕግሥት ነው።

ምን በደልኳት፣ ጥላዬን፣ ጣሪያዬስ፣ ሰብር። ተማሪዎቼን ምልልስ ጻፉ ብዬ ባዘዝኩ ቁጥር ስንት ገጽ እያነበብኩ እንዲህ እጥር ምጥን ያለ አላየሁም። መንደሩም እንደ ተከታታይ ድራማ ይከታተለው ነበር። አንድ ውሻ ሲታመም የሚጨነቁት ለውሻው ብለው አልነበረም፣ የሚቀጥለው ስም ምን ይሆን ብለው ነው።

እኔ ግን መሳቁ ሲያልፍልኝ ያናድደኝ ነበር። ሽማግሌ ይግባ ሲባል ሁለቱም «ምን ተጣላንና!» ይላሉ። እውነትም ለሰው ዐይን አልተጣሉም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ በኢድና በፋሲካ በልጅ እጅ ዳቦ ይላላካሉ። በርጩማ ብቻ አይሻገርም። ያልተጣላ ሰው ደግሞ እንዴት ተብሎ ይታረቃል? አንዲት አሮጊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እናቴን፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ነካ ብታደርጋት፣ እናቴ ሳምንት ሙሉ ስትብከነከን ሰነበተች። ቂም አልያዝኩም ትላለች። እኔም አምናታለሁ። የያዘችው ናፍቆት ነበር፤ እሱን ደግሞ በውሻ ስም እንዴት እንደሚሉት አላወቀችበትም።

ባለፈው በጋ ጣሪያዬስ አርጅቶ ሞተ። በዚያው ሰሞን ከሰው አፍ አንድ ወሬ ሰማን። የጎረቤታችን ልጅ፣ አጣዬ የተቃጠለችበት ጊዜ ቤቱን ያጣው፣ እንደገና ሠርቶ ገብቷል፤ እናቱንም ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም ብሎ ሊወስዳቸው ነው። ረመዳን ሲወጣ ይሄዳሉ ተባለ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ፣ ይሻላታል፣ ከልጇ ጋር መሆን ነው ያለባት አለች። ራቷን ግን አልበላችም። ከእሳቸው አፍ ሳይሆን ከሽንኩርት ነጋዴ አፍ መስማቷ ነበር ያንገበገባት። ልታጣቸው እንደሆነ ገብቷታል፤ እኔም ዕድሜዋን ሳስብ፣ እንዲህ እንደተኮራረፉ ቢለያዩ ይህ ነገር እስከ መቃብር አብሯት እንደሚወርድ ገብቶኝ ፈራሁ።

በዚያ ሙቀት ከቤት መውጣት ስለማይቻል ከምሳ በኋላ ላነብላት ጀመርኩ። መጽሐፉን የመረጠችው ራሷ ናት። ከመደርደሪያዬ ላይ ሽፋንም የፊት ገጽም የሌለው አንድ አሮጌ ልብ ወለድ አነሣችና፣ «እስቲ ይቺን ራቁቷን» አለችኝ። ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም፣ ርእሱንም አላውቅም። በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ስለሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች ነው። በሰርግ ላይ በተነገረች አንዲት ቃል ተኮራርፈው ዓመታት ያልፋሉ። እናቴ በየምዕራፉ ታላቂቱን ትሰድባለች፣ ታናሺቱንም አትምርም። ከማዶ የሰብር ጩኸት ሲሰማ ግን ማንበቤን እንድገታ በእጇ ምልክት ትሰጠኛለች፣ ፍየሏ ዝም ስትል ቀጥዪ ትለኛለች።

መጨረሻው አካባቢ ደረስን። ዝናብ ይዘንባል። ታናሺቱ ወንዙን ተሻግራ፣ በስብሳ፣ ከእህቷ ደጃፍ ቆማለች። ታላቂቱ በሩን ትከፍታለች፣ ታያታለች፣ «ነይ እንጂ» ትላታለች። ከዚያ በኋላ ወረቀት የለም። የቆላ ምስጥ ከጀርባ ገብቶ የቀሩትን ገጾች በልቷቸዋል፤ የተረፈው ጥቂት አፈር ነው።

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

ምስጥ በልቶታል አልኳት። «እሱማ በልቶ አወቀው፤ እኛስ?» ብላ ተቆጣች፣ እኔው የበላሁት ይመስል። መቼም ትገባለች አልኳት፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ ያን ያህል በስብሳ፣ ደራሲው ከደጅ አይመልሳትም። እናቴ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አትገባም» አለች። «አንዴ ተጠርቶ ይገባል?»

ይህ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ጠባይ ነው። እንግዳ ደጅ ደርሶ ግባ ሲባል አይ ቸኩያለሁ ይላል። በድጋሚ ሲባል ሌላ ቀን ይላል። ባለቤቱ እጁን ይዞ በሞቴ ካላለ፣ ካልጎተተ፣ እግሩን አያነሣም። አንዴ ብቻ የተጠራ ሰው ለአፍ ያህል ነው የተጠራው። ታናሺቱም ቢያንስ ያን ያህል ክብር አላት፣ ስንት ዓመት ተቀይማ በአንድ ቃል ዘው ማለት ውርደት ነው አለችኝ እናቴ። ታላቂቱ ደጋግማ ትጥራት፤ ደጋግማ መጥራቷን ደግሞ ማን ጽፎታል? በዚህ ነገር ቀናት ስንከራከር ሰነበትን።

ከዚያ ድንገት ተነሥታ ቡችላ ልፈልግ አለች። እንደተለመደው ወንድ መስሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ የምታሳድገው ወንድ ነው። ሴት ካልሆነች አልፈልግም አለች። ሰፈርተኛው ሳቀ፤ ሴት ውሻ በየጊዜው እየወለደች ግቢውን ልትሞላብሽ ነው አሏት። አልሰማቻቸውም። መናኸሪያው አጠገብ ከሚገኙ ሰዎች አንዲት ቡናማ ቡችላ ለምና፣ ዘንቢል ውስጥ ከትታ፣ በባጃጅ ይዛት መጣች።

ቡችላዋ ያለ ስም ሰነበተች። መንደሩ ጆሮውን አቁሟል። እኔም እድሌን ልሞክር ብዬ ከመጻሕፍቴ ስም አቀረብኩላት። ሁልጊዜ ጥግ ጥጉን ስለምትሄድ ኅዳግ እንበላት አልኳት። ማንኛውንም ጫማ ስለምትቀዳድድ ሳንሱር እንበላት አልኳት፤ ይህን ሳስረዳት እኔው ሳቅሁ። እናቴ ሁሉንም ሰማችኝና እንደ ልማዷ «ለማን ነው?» አለች። ለጊዜው ስም እንዳላገኘች ነበር የመሰለኝ።

አንድ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስለባብስ «ነይ እንጂ!» ስትል ሰማኋት። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። እንግዳ የለም። እናቴ ግቢው መሀል ቆማ ቁራሽ ይዛለች፤ ቡችላዋ ከኋላዋ ናት። እናቴ ግን ወደ ኋላዋ አላየችም፤ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንደገና ጠራች። «ነይ እንጂ! ነይ እንጂ!»

እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ከመጽሐፍ ስም ስወስድ ለዶሮና ለኤሊ ነበር። እናቴ ከአንድ ምስጥ የበላው መጽሐፍ አንዲት ቃል ወሰደች፣ እሷንም ለሰው ሰጠቻት። ደግሞም ውሻ በቀን ስንቴ ይጠራል? ሲነጋ ይጠራል፣ ሲመሽ ይጠራል፣ እግረ መንገድ ይጠራል። ታላቂቱ እህት አላደረገችም ያለችውን እናቴ ልታደርግ ነው።

ከማዶ ግን ዝምታ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ከአጥሩ ወዲያ የሚንኳኳ ዕቃ እንኳ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያው የተለመደው፤ ሰብርን መጥራት፣ ለአፍጥር መዘገጃጀት፣ ዕቃ ማሰር። እናቴ አዲስ ስም እየጠበቀች ነበር፤ አንዲት ድመት፣ አንዲት ጫጩት እንኳ ብትሆን። ጥቂት ቆይታ ግን የሚያስፈራውን ነገር ራሷ ነገረችኝ። የሚሄድ ሰው አዲስ እንስሳ አያሳድግም አለች። ለመልሱ የቀረ መንገድ የለም ማለት ነው፣ በእግር ካልመጡ በቀር። እሷ ግን መጥራቷን አላቆመችም። ቡችላዋ በተጠራች ቁጥር አንድ ነገር ስለሚጣልላት ወፍራ መሄድ አቃታት።

ኢድ አለፈ። በማግስቱ የልጃቸው አይሱዙ መጥቶ ከደጃቸው ቆመ። አልጋ ወጣ፣ ሣጥን ወጣ፣ ጀሪካኖች ወጡ። እናቴ ከበራችን ውስጥ ቆማ ድምፁን ታዳምጣለች። ሂጂና ተሰናበቻቸው፣ ምን ይባላል አልኳት። «ብዬ ጨረስኩ እኮ፣ ምን ልጨምር?» አለችኝ፤ ዐይኗ ውስጥ እንባ ነበር። ተናድጄባት ነበር፣ አሳዘነችኝም። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ጠራች። ድምፅዋ አልወጣ ብሎ እንደ ሹክሹክታ ነው የተሰማው። ቡችላዋ እግሯ ሥር ተኝታ ስለነበር ቀና ብላ አየቻት፣ መጥቻለሁ እኮ የምትል መስላ።

የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍተው ጎረቤታችን ናቸው፤ የሰብርን ገመድ ይዘው ቆመዋል። ደንግጬ «ይግቡ፣ እትዬ» አልኳቸው። ወደ እኔ አላዩም። ዐይናቸው እናቴ ላይ ነበር።

«ጆሮዬ ደህና ነው» አሏት። «የመጀመሪያውን ቀን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?» አለች እናቴ።

«አንዴ ተጠርቶ ይገባል?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ያን ፊቷን መቼም አልረሳውም፤ በክርክራችን ረታችኝ እኮ፣ ግን የረታ ሰው እንዲያ አያለቅስም። ሄዳ እጃቸውን ያዘች። «በሞቴ» ብላ ጎተተቻቸው። ጎረቤታችን በሩን አለፉ። ቡችላዋ ደስ ብሏት ስትንደረደርባቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ይቺን ልጅ ያዙልኝ፣ ለሶላት ታጥቤ ውዱዕ አለኝ ሲሉ፣ ያ ድሮ የማውቀው ሳቅ ከሁለቱም ወጣ። ቡችላዋን አቅፌ ከኩሽናው በር ላይ ተቀመጥኩ፤ እኔም እያለቀስኩ ነበር።

በርጩማ አውጥቼ ከኒሙ ሥር አስቀመጥኩላቸው። ከተቆረጠው ጎን የበቀለው ቅርንጫፍ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አድጎ ጥላ ሠርቷል፤ እኛ ልብ አላልነውም። ጎረቤታችን ቀና ብለው አዩትና፣ ይህኛውንስ እንዳታስቆርጪብኝ አሉ። ከዚያ የሰብርን ገመድ በእናቴ እጅ አስያዟት። በርቢ ትቼልሻለሁ አሏት። የርቢ ፍየል አሳዳጊዋ ጋ ትኖራለች፣ የወለደችውን ግን ሁለቱ ይካፈሉታል፤ ስለዚህ በወለደች ቁጥር ባለቤቷ መምጣት አለባት። ልጃቸው አይሱዙው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ነፋ፣ ደጋገመ። ሁለቱም የሰሙ አልመሰሉም። የዓመታት ወሬ ነበረባቸው።

ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ግቢው ባዶ ሆነ፤ እናቴ ለሰብር ውሃ አጠጥታ ገባችና ያን ራቁት መጽሐፍ አምጪው አለችኝ። የመጨረሻውን ገጽ እንደገና አነበብኩላት፤ ዝናቡን፣ ደጃፉን፣ «ነይ እንጂ» የምትለዋን ቃል። ምስጡ የጀመረበት ስደርስ ቆምኩ። «ገብታለች» አለችና መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው።

አሁን ሰብር ከብዳለች፤ ዝናቡ ሳይገባ ትወልዳለች ይላሉ የሚያውቁ። እናቴ ውሻዋን አሁንም በቀን ስንቴ እንደምትጠራት እንጃ። ፊቷን ግን ወደ አጥሩ አታዞርም። ከበራችን ወጥታ ወደ አጣዬ የሚወስደውን አስፋልት እያየች ነው የምትጠራት። ውሻዋ ሮጣ መጥታ እግሯ ሥር ትቆማለች፤ እናቴ ደግሞ መንገዱን እያየች እንደገና ትጠራለች።